የሱቅ ልጅ ምላስ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከደሴ ስትመጣ በጠርሙስ የታሸገ ማር ይዛልኝ መጣች። ጠርሙሱ ላይ «ኦርጋኒክ» የሚል በትልቁ ተጽፎበታል። ዋጋውን ስትነግረኝ ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። «እማ፣ ንጹሕ ነገር ልብላ ስል ደሞዜ አይበቃ፣ ጣፋጭ ልተው ስል ሆዴ እምቢ ይለኛል» አለችኝ። ሳቅሁ። በሽታው ከማን እንደመጣባት አውቃለሁና።

እኔ ሐይቅ ከተማ ያደግሁ የባለሱቅ ልጅ ነኝ። አባቴ ዘይት ሲቀዳ እኔ ከስኳሩ ጆንያ ሥር አልጠፋም ነበር። ከረሜላ ብትሉ ሐላዋ ብትሉ፣ ምን ቀረኝ! ተድሬ ከባለቤቴ እናት ጋር መኖር ስጀምር ዝናዬ ቀድሞኝ ገብቷል። አማቴ እማማ ዘሐራ ቁጥብ ሴት ነበሩ። የቤቱ ገንዘብ ከመቀነታቸው ቋጠሮ በቀላሉ አይወጣም፤ ስኳሩንም ከእኔ ይደብቁታል። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ማር ቆራጭ እጁን ይልሳል ብለው ነው። እኔን ግን የሰው ሚስት ሆኜ እንደ ሕፃን መጠበቄ ያንገበግበኝ ነበር።

በኅዳር የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ኒካህ ደረሰ። በእኛ አገር ሠርግ ያለ ብርዝ፣ ያለ ማር ውሃ፣ አይሆንም። ብርዙ ውሃ ውሃ ካለ ወይም የስኳር ከሆነ ደግሞ ወሬው ከሙሽራዋ ቀድሞ መንደሩን ያዳርሳል። ዓመቱ አዝመራ የደከመበት ስለነበር በእጃችን ያለው ገንዘብ ማር አንዴ ብቻ የሚያስገዛ ነው፤ ከተሳሳትን መመለሻ የለንም። እማማ ወደ ውጫሌ ገበያ ሲነሡ እኔን ያስከተሉኝ ለሸክም ነበር። ቁርስ አልበላም ስላቸው ለማሩ ቦታ እየተውሽ ነው ብለው ቀለዱብኝ። እኔ ግን ምላሴ እንዳይደነዝዝ ብዬ ነው።

መንገዱ ዳር ማሽላው ቀልቶ፣ ጤፉ ቢጫ ሆኖ ነበር። ገበያው ስንደርስ እማማ በባልዲ ሙሉ ነጭ ማር የያዘ ነጋዴ ፊት ቆሙ። እንደ ወጉ በእጃችን ጀርባ ላይ ጠብ አደረገልን። እሳቸው ቀምሰው «ማሻአላህ» አሉና ቋጠሯቸውን መፍታት ጀመሩ። እኔም ላስኩት። ምላሴ ጫፍ ላይ ጣፈጠና ወዲያው ጠፋ፤ ጉሮሮዬ አልደረሰም። ያን ጣዕም በሚገባ አውቀዋለሁ፤ የአባቴ ጆንያ ነው።

ጠጋ ብዬ «እማማ፣ ይሄ ስኳር አለበት» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«አንች ደሞ ከመቼ ወዲህ ነው ስኳር የጠላሽው?»

«ኧረ አልጠላሁትም። ስለምወደው ነው የማውቀው።»

ትንሽ አዩኝና ቋጠሮውን መልሰው አጠበቁት። ከገበያው ዳር አንድ የአምባሰል ገበሬ የማር እንጀራ ከነሰፈፉ፣ ከነሞቱ ንቦቹ በገንቦ ይዞ ተቀምጧል። ጠቆር ስላለ ሰው ዞር ብሎ አያየውም፤ ዋጋውም ለእኛ ዓይነቱ የሚደፈር ነው። ስቀምሰው ጉሮሮዬን ያዝ አድርጎ አሳለኝ። ይሄን እንግዛ ስላቸው እማማ ንቦቹን እያዩ ፊታቸውን አጨማደዱ፤ ግን ገዙ። እኔም ገንቦውን አቅፌ፣ ብሳሳትስ እያልኩ ዱዓ ሳደርግ ሐይቅ ደረስን።

ቤት ገብተን ወለላውን አጠለልንና ለሙሽሮቹ አኖርነው። የቀረውን ሰፈፍ ለብ ባለ ውሃ አሽተን አጠብነው፤ ለሠርገኛው ብርዝ ከዚያ ወጣ። የሠርጉ ዕለት የመንደራችን ሽማግሌ፣ በምግብ ነገር ሰው የማያመሰግኑት ሸህ፣ አንድ ጊዜ ጎንጨት አሉ። ቀጥለው ብርጭቆውን ጨለጡና ይጨመርልኝ ብለው ዘረጉት። ማሩን ማን እንደመረጠው ጠየቁ።

«ይች የሱቅ ልጅ ናት» አሉ እማማ፣ ዘመድ አዝማዱ እየሰማ። «ከዛሬ ወዲያ ገበያ የምትወጣው እሷ ናት።»

ከመቀነታቸው ቋጠሮውን ፈተው እጄ ላይ አኖሩት። በሕይወቴ ብዙ ደግ ቀን አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ኮርቼ አላውቅም።

ይህን ሁሉ ለልጄ አልነገርኳትም። ጠርሙሱን ከፍቼ በእጇ ጀርባ ላይ ጠብ አደረግሁላት። ላሰችው፤ ትንሽ ጠበቀች፤ ቅንድቧ ተሰበሰበ።

«እማ፣ ይሄማ ምላስ ላይ ቀረ፤ ጉሮሮ አልደረሰም» አለች።

ማንም አላስተማራትም። ሀብት ላወርሳት አልቻልኩም፤ ምላሴን ግን ወስዳለች። «በሚመጣው የገበያ ቀን ውጫሌ አብረን እንሄዳለን» አልኳት፤ «ቁርስ ግን እንዳትበይ።»