ላጲስ ያለፈባት ወፍ

የምሠራበት ቤት ሱሉልታ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነው። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ከአዲስ አበባ ሲመጡ ከዕቃ ይልቅ መጽሐፍ ነው ያመጡት፤ ሥዕል ያለበት የድሮ መጽሐፍ፣ ያውም የመጀመሪያ እትም። ሁለተኛ እትም ከሆነ በነፃ ቢሰጧቸው አይወስዱም። እኔ ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። የተቀጠርኩት ቤት ላጸዳ ነበር፤ ዕቃ አያያዜን ሲያዩ መጻሕፍቱንም እንዳጸዳ አስተማሩኝ። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ፣ ልጆች በእርሳስ የሞነጫጨሩትን በላጲስ፣ ወረቀቱ እንዳይላጥ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እያሸሁ።

ከሁሉም የሚወዱት አንድ ቀጭን የተረት መጽሐፍ ነበር። የደራሲው ስም ሽፋኑ ላይ አለ፤ ሥዕሎቹን ማን እንደሣላቸው ግን የትም አልተጻፈም። ጋሼ የሣሏቸው አንዲት በሕይወት የሌሉ መምህርት ናቸው ይላሉ። ሰው ግን አያምናቸውም።

አንድ ረቡዕ ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ የገዙትን ካርቶን ሰጡኝና፣ "በእርሳስ የተጫረውን ሁሉ አጥፊልኝ" ብለውኝ ስልክ ሊያወሩ ወደ በረንዳ ወጡ። ቀጭኑ መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ ከካርቶኑ መጻሕፍት ጋር ተደርቦ ነበር። ከፈትኩት። የጅብ ሥዕል ያለበት ገጽ ጥግ ላይ ጥፍር የምታክል ወፍ በእርሳስ ተሥላለች። ይህችስ? ብዬ ልጠይቃቸው ፈለግሁ። እኔ ግን ታክሲ ውስጥ "ወራጅ አለ" ማለት አፍሬ፣ አንድ ፌርማታ አልፌ የምወርድ ሰው ነኝ። አጠፋኋት።

ላጲሱን ከእጄ ሳላስቀምጥ ድምፃቸውን ሰማሁ። "ቅዳሜ ናና በዓይንህ እያት! ከጅቡ ሥር ያለችው ወፍ፣ መምህርቷ ደብዳቤያቸው ላይ የሚሥሏት ናት። ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጋለህ?"

መጽሐፉን ዘግቼ ቦታው መለስኩት። ከዚያ በኋላ ጋሼ ሲጠሩኝ ሁሉ የታወቀብኝ ይመስለኛል። ከተባረርኩ ቀድሞ ወደ ሠራሁበት የሰበታ ፋብሪካ መመለሴ ነው፤ እዚያ ሰው በጩኸት እንጂ በንግግር አይግባባም። ከሥራው በላይ ግን የጨነቀኝ፣ ሰው የማያስነኳቸውን መጻሕፍት አምነው ለእኔ መስጠታቸው ነበር።

ዓርብ ጠዋት ጋሼ እንደ ልማዳቸው በደጅ እየተለማመዱ የሚያልፉትን ሯጮች ሊያዩ በር ላይ ሲቆሙ፣ እርሳስ አነሳሁ። ትንፋሼን ይዤ ወፏን መልሼ ሣልኳት።

ቅዳሜ እንግዳው ከቡራዩ መጡ። እሳቸውም መጽሐፍ ሰብሳቢ ናቸው።

"አካም ጅርታ፣ ሽማግሌው! እስካሁን አልሞትክም?"

"አንተን ሳልቀብር?" አሉ ጋሼ።

እንግዳው የመምህርቷን ደብዳቤ ከቦርሳቸው አውጥተው ከመጽሐፉ አጠገብ ዘረጉት፤ በአጉሊ መነጽር አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ አዩ። እኔ ሻይ ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

"ላጲስ ያለፈበት ወረቀት ነው" አሉ እንግዳው። "እርሳሱ ገና ያብለጨልጫል። የደብዳቤው ወፍ ጭራዋ ወደ ታች ነው፤ የዚህችኛዋ ወደ ላይ። ወዳጄ፣ በእርጅናህ ወፍ መሣል ጀመርክ?"

ጋሼ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እንግዳው አልሳቁም። የጋሼም ሳቅ ቀስ ብሎ ጠፋ። መነጽሩን ተቀብለው አዩና ፊታቸው አመድ መሰለ።

ትሪውን አስቀመጥኩ። "እኔ ነኝ" አልኩ።

"ምን አልሽ?"

"ያጠፋኋት እኔ ነኝ። መልሼ የሣልኳትም እኔው ነኝ። ጋሼ አያውቁም።"

"እንዲህ በዪ ብሎሽ ነው?" አሉኝ እንግዳው፤ ባዶ ወረቀትና እርሳስም ገፋ አደረጉልኝ። "እስኪ ሣያት።"

ሣልኩ። ጭራዋ ወደ ላይ ሆነ። እንግዳው ሁለቱን አስተያዩና፣ "ይቅርታ፣ ወዳጄ" አሉ።

ያኔ ነው ደብዳቤውን በቅርብ ያየሁት። ያጠፋኋት ወፍም ጭራዋ ወደ ታች ነበር! ይህንኑ ተናገርኩ።

እንግዳው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ደብዳቤውን ካየሽ በኋላ ምን ዋጋ አለው፣ ልጄ? ቀድመሽ ብትናገሪ ኖሮ ምስክር ነበርሽ።"

ጋሼ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። በመጨረሻ ቁራጭ ወረቀት ሰጡኝ። "ጻፊ። የነበረችውን አጥፍቼ ይህችን የሣልኩት እኔ ነኝ በዪ። ስምሽንም።"

ጻፍኩ። ወረቀቱን ከጅቡ ገጽ ውስጥ አኖሩት። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ማን እንደሣለው በጽሑፍ የተረጋገጠ ሥዕል የእኔው ብቻ ነው።

አላባረሩኝም። ሰኞ ስገባ ብሩሹ በቦታው ነበር። ላጲሱ ግን አልነበረም። የት እንዳለ ለመጠየቅ እስካሁን አልደፈርኩም።