ወንድሜ የተቀበረበት ከተማ ስም

ወንድሜ ሙኒክ ውስጥ የሞተው ማክሰኞ ነው። ጀርመናዊቷ ሚስቱ እኔ ወደምኖርበት ሲልቨር ስፕሪንግ ደውላ አረዳችኝ፤ ቀብሩም ዓርብ ነው አለችኝ። እናታችን እዚሁ ቅርብ ከወንዙ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ላንድማርክ ሰፈር ነው የምትኖረው። ዛሬውኑ እንንገራት አልኩ። ዘመድ ሁሉ ተቆጣኝ። «መርዶ እንዲህ በዘፈቀደ ይነገራል እንዴ? እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ቄሱም ባሉበት ነው» አሉ ሽማግሌዎቹ። ብለምንም ብጮህም አልሰሙኝም። ዓርብ ልጇ ሲቀበር እናቴ ግሮሰሪ ሄዳ ሽንኩርት ስትመርጥ ዋለች። ይሄ ነገር ዛሬም አንጀቴን ያሳርረኛል።

እሑድ ተነገራት። ደረቷን እየደቃች የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አስከሬኑ መቼ ይመጣል?» መቀበሩን ሲነግሯት ሁለተኛ መርዶ ሆነ። «ሳልቀብረው? ማንም በሌለው አገር?» አለች። ከዚያ በኋላ እህል አልቀምስ አለች።

መርዶውን በሰማች በሳልስቱ ጠራችኝና «ሙኒክ ማለት ምን ማለት ነው?» አለችኝ። ገዳም ጥግ ያደገች ናት፤ የአገር ስም ያለ ነገር አይወጣም ትላለች። ለወንድሜ ሚስት ደወልኩ። ድሮ እዚያ መነኮሳት ሰፍረው ነበር፣ ሰዉ «መነኮሳቱ ዘንድ» እያለ ስሙ በዚያው ቀረ፣ የከተማው ዓርማ ላይ እንኳ መነኩሴ አለ አለችኝ። ይሄን ስነግራት እማዬ ከፍራሹ ቀና አለች። «እንዲያ ከሆነማ ብቻውን አይደለም» ብላ ውሃ ጠየቀች። እሷ ስትጠጣ እኔ አለቀስኩ።

ልጄ ግን እዚሁ የተወለደች ናት፤ ስልኳን ስትጎረጉር ቆይታ በእንግሊዝኛ ጀመረች። አንዳንድ ምሁራን ስሙ ከመነኮሳት ጋር አይገናኝም፣ ከዚያ የቆየ ነው፣ ወንዝ ዳር ያለ ከፍታ ማለት ነው ይላሉ አለች። አፈጠጥኩባት። ምን ያደርጋል፣ እማዬ ፊቴን አይታለች።

«ምን አለች? ደግሞ ልትደብቁኝ ነው?»

ከዚህ በኋላማ እንዴት ልዋሻት? ነገርኳት። ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠች።

«መነኮሳት ኖሩበትም አልኖሩበትም፣ ልጄ አለበት» አለች። «ቲኬት ቁረጪልኝ።»