አራት ቀን የቆየ መርዶ

የእናቴን ሞት የሰማሁት በሞተች በአራተኛው ቀን ነው። እነዚያን አራት ቀናት ሀርሺን ላይ ተከብሬ፣ ደስ ብሎኝ ኖሬባቸዋለሁ። ይህን ስናገር አፍራለሁ። ከዓመታት በኋላ በሌላ ሰው ላይ የሠራሁት ጥፋትም ከእነዚያ ቀናት የመጣ ስለሆነ ከዚያው እጀምራለሁ።

ሶማሌ ክልል፣ ሀርሺን መምህር ሆኜ የተመደብኩት ለውጡ በመጣ ማግስት ነው። ከደጀን ተነሥቼ ጅጅጋ ስደርስ በዚያ ክረምት ሁከት እሳት ያጠቆራቸው ግድግዳዎች ገና ቀለም አልተቀቡም ነበር። የምደባ ደብዳቤዬን የጻፈልኝ ሰው ማህተሙን ካሳረፈ በኋላ ቀና ብሎ አየኝና "ሚስት አለህ?" አለኝ። የለኝም ስለው "ይሻላል" ብሎ ወረቀቱን ሰጠኝ። እኔ ቀልድ መስሎኝ ስቄ ወጣሁ።

ሀርሺን ወንዝ የላትም። ሰውም ከብትም የሚጠጣው ከቢርካ ነው፤ መሬት ተቆፍሮ በሲሚንቶ ከተለሰነ የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ። ቢርካ ባለቤት አለው፣ ክዳኑም ቁልፍ አለው። እኔ ቁልፍ የያዘ ዘመድ ስላልነበረኝ ጄሪካኔ ሁልጊዜ ከሰልፉ ጭራ ነበር። የማስተምረው ደግሞ አማርኛ ነው። ልጆቹ በአማርኛ የሚያናግሩት ሰው ከእኔ በቀር የላቸውም፣ እኔን ማናገር ደግሞ አይፈልጉም። ክፍል ስገባ ጫጫታው ይብሳል፤ ከሰዓት በኋላ ጋደም ስል የቤቴን ቆርቆሮ በጠጠር ይደበድቡታል። ሻይ ቤት ስቀመጥ ከጎኔ ያለው ምንጣፍ ባዶውን ይውላል። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ ስሜን ግን ማንም አልጠየቀኝም። "ሀበሻው" ነበርኩ። ፓስፖርት ሳልይዝ የገባሁበት የሰው አገር ነበር፣ በገዛ አገሬ ውስጥ።

እናቴ ኩላሊቷን ታማ ነበር። የግማሽ ዓመቱ ፈተና እንዳለቀ እመጣለሁ ብያታለሁ፤ ሦስት ሳምንት ቀርቶኛል። ሰኞ ዕለት ሞተች። ወንድሜ ለርእሰ መምህሬ ደወለለት፤ ርእሰ መምህሩ የአካባቢው ተወላጅ የሆነ፣ ቁጥብና ጨዋ ሰው ነው። "ብቻውን ነውና እንዳትነግሩት። ጅጅጋ የሚሠራ የአጎታችን ልጅ አለ፣ እሱ ዓርብ ጧት ደርሶ ያረዳዋል" አለው። በእኛ ዘንድ ደንቡ ይኸው ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ መንገድ ላይ አይነገርም። በማለዳ፣ ደግፎ የሚይዝ ሰው ተሰብስቦ፣ የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነው። ርእሰ መምህሩ ለመምህራኑ ነገረ፣ መምህራኑ ለቤታቸው ነገሩ። ሀርሺን ውስጥ ያልሰማሁ እኔ ብቻ ቀረሁ።

ማክሰኞ ጧት ክፍል ስገባ ተማሪዎቹ ብድግ አሉ። አርባ አምስት ደቂቃ ሙሉ አንድ ልጅ እንኳ አልተነፈሰም። ሲወጡ አንዷ "መዓሊን፣ ነገም ትመጣለህ?" አለችኝ። መዓሊን መምህር ማለት ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ቤቴ ስመለስ ሁለት ሙሉ ጄሪካን ውኃ ደጃፌ ላይ ተቀምጧል። ሻይ ቤት ስገባ ሽማግሌዎቹ ሰብሰብ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ፣ ባለቤቷም የግመል ወተት ያለበት ሻይ ሳላዝ አመጣችልኝ። ጠጠሩ ቆመ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ምንም ሳይናገር ከጎኔ ተቀምጦ ይውላል። በቃ ለመድኳቸው፣ ለመዱኝ አልኩ። ትዕግሥቴ ፍሬ ያፈራ መስሎኝ በራሴ ኮራሁ።

ረቡዕ ኔትወርክ ሲመጣ እህቴ ጋ ደወልኩ። "ተኝታለች" አለችኝ። ከኋላዋ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል፤ ምንድን ነው ስላት ማኅበር ነው አለች። "ስትነሣ ንገሪያት፣ ሰዉ ወዶኛል፣ ስለ እኔ አታስቢ በያት" አልኳት። "እሺ፣ እነግራታለሁ" አለችኝ፣ ድምፅዋም አልተሰበረም። እንዴት አድርጋ እንደቻለችው ዛሬም አይገባኝም።

ዓርብ ጎሕ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። የአጎቴ ልጅና የጤና ጣቢያው ፋርማሲስት፣ የወሎ ሰው ነው፣ ከፊት ቆመዋል፤ ርእሰ መምህሩ ከኋላቸው አንገቱን ደፍቷል። የአጎቴ ልጅ ኮት ለብሶ በዚያ ሰዓት ሀርሺን ምን ይሠራል? አፉን ሳይከፍት ገባኝ። ጮህኩ። ፋርማሲስቱ ወገቤን ይዞ "አልቅስ፣ እርምህን አውጣ" ይለኛል። ጩኸቱን ሰምተው የመጡት ጎረቤቶች ደግሞ ደነገጡ፤ በነሱ ዘንድ ለሞተ ሰው መጮህ ነውር ነው። አንድ ሽማግሌ ትከሻዬን ጫን አድርጎ "ሰብር፣ ሰብር" አለኝ፤ ታገሥ ማለቱ ነው። አንዱ አልቅስ፣ አንዱ ዝም በል ሲለኝ መሐል ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ውኃው ትዝ አለኝ፣ ሻዩ፣ የልጆቹ ዝምታ። ከማክሰኞ ጀምሮ ለቅሶ ሲደርሱኝ ነበር።

ወደ ደጀን ከመሄዴ በፊት ርእሰ መምህሩ ለብቻዬ ጠራኝ። ተቆጥቷል። "በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት በሰዓቱ ይነገራል፣ ልጅ እናቱን አፈር ያለብሳል" አለኝ። "ለእናንተ ደንብ ብዬ አራት ቀን ፊትህን እያየሁ ዋሽቻለሁ። ሁለተኛ እኔን እንዳታስዋሹኝ።" እውነቱን ነው አልኩ በልቤ። በሰዓቱ ቢነገረኝ፣ ቢጠብቁኝ፣ እናቴን እቀብራት ነበር። አገሬ ስደርስ ድንኳኑ ሊነሣ ነው፤ ለቀስተኛው ለእኔ ሲል እንደገና አለቀሰ፣ እኔ ግን የማለቅስበት ፊት አጣሁ። እንዲህ ያለ ነገር በእጄ ቢገባ ለማንም አልደብቅም ብዬ ማልኩ።

ሦስት ዓመት አለፈ። ዝናብ የቀረበት፣ ቢርካዎቹ የደረቁበት፣ ከተማሪዎቼ ግማሾቹ ከከብቶቻቸው ጋር የተሰደዱበት ዓመት ነበር። በዚያ ዓመት አንዲት የባዮሎጂ መምህርት ከደብረ ብርሃን ተመድባ መጣች። ጋሼ ትለኛለች። ውኃ እንዴት እንደሚገኝ፣ ሰው ዝም ሲላት እንዳይከፋት ያለማመድኳት እኔ ነኝ። የአራቱን ቀን ታሪክም ነግሬያታለሁ፤ አልቅሳልኛለች። በየሳምንቱ እሑድ ኔትወርክ ፍለጋ ከከተማው ወጣ ብላ ከአባቷ ጋር ታወራለች፤ ስትመለስ ፊቷ በርቶ ነው የምትመለሰው።

አንድ ማክሰኞ ጧት አጎቷ ደወለልኝ። ቁጥሬን የሰጠቻቸው እሷ ናት። "አባቷ ሌሊቱን አረፈ" አለኝ። "ነገ እንቀብራለን። ወንድሟ ሐሙስ ተነሥቶ ይመጣና ዓርብ ጧት ያረዳታል። እስከዚያ ያገር ልጅ ነህና ነገሩን ያዝልን።" እሺ አልኩት። ስልኩን ስዘጋ እሷ በመስኮት ትታየኛለች፣ ሰሌዳው ላይ የልብ ሥዕል እየሣለች።

ማንንም አላማከርኩም። አሁን ብትሰማ የረፋዱን መኪና ይዛ ማታ ጅጅጋ ትገባለች፣ በነገው የጧት አውሮፕላን አዲስ አበባ፣ ከዚያ በመኪና ደብረ ብርሃን። ትደርሳለች። ደወሉ እስኪደወል እንኳ አልጠበቅኩም። ከክፍል ጠራኋትና በረንዳው ላይ፣ ጠመኔው በእጇ እንዳለ፣ ነገርኳት። አልጮኸችም። ጠመኔውን መስኮቱ ላይ አስቀምጣ እጇን በጋውኗ ጠረገች። "መቼ?" አለች። ከዚያ "ይጠብቁኛል?" አለችኝ።

"ይጠብቁሻል" አልኳት። ለማንም ደውዬ አልጠየቅኩም ነበር።

መኪናው ውስጥ በሁለት የማታውቃቸው ሴቶች መካከል ተቀምጣ ሄደች። እንባዋ ሲመጣ ሴቶቹ እጇን ይዘው "ሰብር" ሲሏት ሰማሁ። አጎቷ ጋ ልደውል ስልኬን አወጣሁ፣ ግን ቃል አፍርሻለሁ። ይቆጣል ብዬ ፈራሁ። ራሷ መንገድ ላይ ትደውላለች ብዬ ስልኩን ኪሴ ከተትኩት። እሷ ደግሞ እኔ የደወልኩ መስሏት፣ የአባቷ ቤት ስልክ ሲነሣ የሚሰማውን ጩኸት ፈርታ፣ አልደወለችም።

እነሱ አልሰማችም ብለው ረቡዕ በስድስት ሰዓት ቀበሩት። እሷ በአሥር ሰዓት ደረሰች።

አጎቷ ማታውኑ ደወለልኝ። "ልጃችንን እንደ ባዕድ መንገድ ላይ አረዳሃት፤ እሱን ተወው" አለኝ። "እየመጣች ነው ብለህ አንድ ቃል ብትነግረን አስከሬኑን አናቆይም ነበር? እስከ ሐሙስም ቢሆን እናቆየው ነበር።" ይቅርታ የሚለውን ቃል ሳልጨርስ ዘጋው።

ከወር በኋላ ዝውውሯን አስፈቅዳ ዕቃዋን ልትወስድ መጣች። ጥቁር ለብሳለች። ይቅርታ ልጠይቃት ቤቷ ሄድኩ፤ መጻሕፍቷን በካርቶን እያሰረች አገኘኋት። እንድትደርስ ብዬ ነው አልኳት። እናቴን አልቀበርኩም፣ አንቺ ግን አባትሽን እንድትቀብሪ ብዬ ነው አልኳት። ሲባጎውን ቋጥራ ጨረሰች።

"ጋሼ፣ አንተ አራት ቀን እናት ነበረችህ" አለችኝ። "ደስ ብሎህ፣ ስለ እኔ አታስቢ በያት ብለህ። እኔ ካልቀበርኩት አይቀር፣ ምን ነበር እስከ ዓርብ አባት ቢኖረኝ?"

ካርቶኑን ላነሣላት እጄን ዘረጋሁ። ራሷ ይዛው ወጣች።