እጅ የሚንቀጠቀጥባቸው ሰዎች ሐኪም

ተማሪዎቿ በሌለችበት «ዶክተር ዝምታ» ይሏታል። ክፍል ውስጥ ስታስተምር አንደበቷ አይያዝም፤ ከክፍል ከወጣች በኋላ ግን ከሰላምታ ያለፈ ቃል ከአፏ አይወጣም። የነርቭ ሐኪምና የሕክምና ትምህርት ቤት መምህርት ናት፤ አላገባችም፣ አልወለደችም። ምሳዋን ቢሮዋ ውስጥ ብቻዋን ትበላለች። በፊት ባልደረቦቿ «ነይ እንጂ፣ አብረን እንብላ» ይሏት ነበር። «ቅደሙ፣ እመጣለሁ» እያለች ሳትመጣ ስትቀር ጊዜ መጥራቱን ተዉት።

የነርቭ ሕክምናን የመረጠችው በእናቷ ምክንያት ነው። እናቷ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። አንድ ቀን ሰው ቤት ተጋብዘው ሻዩ ቀሚሳቸው ላይ ሲደፋ አንዲት ሴት ሳቀችባቸው። ከዚያ ወዲህ እስኪሞቱ ድረስ ሰው ባለበት እህል አልቀመሱም።

ለሌላ በሽታ የሚታዘዝ አንድ ርካሽ ክኒን እንዲህ ያለውን መንቀጥቀጥ ያቆማል የሚል ወሬ በሐኪሞች ዘንድ ተናፈሰ። ብዙዎቹም ለአዛውንቶች ማዘዝ ጀመሩ። እሷ ግን «ቆይ፣ መጀመሪያ እናጣራ» ብላ ጥናት አስፈቀደች። ሆስፒታሉም ከኮሪደሩ ጫፍ ጠባብ ክፍል ሰጣት። ግማሾቹ ታካሚዎች እውነተኛውን ክኒን፣ ግማሾቹ ደግሞ መልኩ አንድ ሆኖ መድኃኒት የሌለበትን ይወስዳሉ። ማን የቱን እንደሚወስድ ክኒኑን ከሚያድለው ፋርማሲስት በቀር የሚያውቅ የለም። ይህንንም ለታካሚዎቹ ገና ሲጀመር አስረድታቸው ተስማምተዋል።

ከታካሚዎቹ አንዱ ማክሰኞ ማክሰኞ የሚመጡ ጡረተኛ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሚስታቸው ሞተዋል፤ አንዲት ልጃቸው ሌላ ከተማ ትኖራለች። ለቀጠሮው ሙሉ ልብሳቸውን ተኩሰው ይለብሳሉ። የእጃቸውን መንቀጥቀጥ ለመለካት ወረቀት ላይ ጥምዝምዝ መስመር እንዲሥሉ፣ ውሃ የሞላ ብርጭቆ እንዲያነሡ ታደርጋቸዋለች።

«እንዴት ሰነበቱ፣ አባባ?»

«እኔስ ደህና ነኝ፤ አንቺ ነሽ የከሳሽው። ብዪ ብሎ የሚቆጣሽ ሰው የለም እንዴ?»

እሷም ሳትወድ ትስቃለች። በቀሩት የሳምንቱ ቀናት እንደዚያ አትስቅም።

እየዋለ እያደረ የሰውየው እጅ ረጋ። አንድ ማክሰኞ መርፌና ክር ከኪሳቸው አውጥተው፣ ክሩን በቀዳዳው አሾልከው የነጭ ጋዋኗን የላላ ቁልፍ እዚያው ሰፉላት። «ልጄ፣ እጄን መለስሽልኝ!» አሏት። ተመራማሪ ውጤቱን ሳያይ ደስ ሊለው እንደማይገባ ለተማሪዎቿ የምታስተምረው ራሷ ናት። ያን ቀን ግን እያንጎራጎረች ቤቷ ገባች።

ጥናቱ ከዓመታት በኋላ ሲያልቅ ፋርማሲስቱ ምስጢሩን ገለጠላት። እውነተኛውን በወሰዱትና ባልወሰዱት መካከል ምንም ልዩነት አልነበረም። እንዲያውም እውነተኛውን የወሰዱት ራሳቸውን እያዞራቸው ይወድቁ ነበር።

«ልብስ ሰፊውስ?»

«እሳቸውማ ባዶውን ነበር የሚወስዱት፣ ዶክተር።»

ማታ ታላቅ ወንድሟ ደወለ። ውጤቱን ስትነግረው «ይኼ ሁሉ ዓመት ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ በይኛ!» አላት።

«አይደለም፣ ወንድም ጋሼ። እንደማይሠራ አወቅን።»

«እሱንማ እኔም እነግርሽ ነበር» ብሎ ሳቀ። እሷም አብራው ሳቀች። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ግን መብራት ሳታበራ ብዙ ተቀመጠች።

ለልብስ ሰፊው ከመናገር በላይ የከበዳት አልነበረም። እሳቸው እጃቸውን እያገላበጡ አዩ።

«ታዲያ ክሩን ያሾለክሁት እንዴት ነው?»

«እሱን አላውቅም፣ አባባ።»

«እንግዲያው ያንኑ ባዶውን ጨምሪልኛ!»

«ባዶ መሆኑን እያወቅሁ እንዴት እሰጥዎታለሁ? የሚሠራ ሌላ መድኃኒት ነበር፤ የልብ ሕመም ስላለብዎት ግን ለእርስዎ አይሆንም።»

«ማክሰኞስ?»

«ዝም ብለው ይምጡ፣ ሻይ እንጠጣለን» ልትላቸው አሰበች፤ ግን ፋይላቸውን ዘግታ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

«ማክሰኞም ቀረ በይኛ» አሉና ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ።

ውጤቱን ስታቀርብ ከአዳራሹ ወንበሮች የሚበዙት ባዶ ነበሩ። የትምህርት ቤቱ ዲን «ግሩም ሥራ ነው፤ ብቻ መድኃኒቱ ቢሠራ ኖሮ...» ብሎ አረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ሰዓቱን አየ። ሆኖም ሆስፒታሉ ክኒኑን ለአዛውንቶች ማዘዝ አቆመ። በዚህ የተነሳ ስንቱ ከመውደቅ እንደዳነ እሷ ታውቃለች፤ ግን ያልወደቀ ሰው መጥቶ አያመሰግንም።

ከብዙ ማመንታት በኋላ ለልብስ ሰፊው ደወለች። ልጃቸው ወደምትኖርበት ከተማ ወስዳቸው ነበር።

«እጄ ወደ ጥንቱ ተመልሷል፤ የልጅ ልጆቼ እየሳቁ ያጎርሱኛል» አሏት። ከኋላ የልጆች ጫጫታ ይሰማ ነበር። «ምነው ቀደም ብለሽ ብትደውዪ፤ ሳልሄድ አይሽ ነበር።»

«እኔም ልደውል ልደውል እያልሁ ነበር፣ አባባ» አለች።

ጫጫታው አየለና ድምፃቸው ጠፋባት። ትንሽ ጠበቀች፤ ከዚያ ስልኩን ዘግታ የተማሪዎቿን የፈተና ወረቀት ወደ ማረሙ ተመለሰች።