በሁለተኛው ፊት ያለችው አልቃሽ

ስሟን አልጽፍም። ብጽፈውም አታውቋትም፤ የሚያናድደኝም ይሄው ነው። ያን ጊዜ ደባርቅ ውስጥ ሂፕ ሆፕ አውቃለሁ የሚል ሁሉ የሚያውቀው ፖስተር ላይ ያሉትን ሦስት አራት ወንዶች ነበር፤ ሰንሰለት ያንጠለጠሉ፣ ደረታቸውን የገለጡ። የኔዋ ፖስተር የላትም። ያላት አንድ ካሴት ነው፤ እሱም እኔ ጋ ነው።

ካሴቱን የሰጠችኝ ከተራራ የወረደች ቱሪስት ናት። ሹሩባ እሠራ ነበር፤ ስሜን ላይ ሰንብተው የሚመለሱት ደግሞ አቧራ የጠገበ ፀጉራቸውን ሊታጠቡ እኔ ቤት ይመጣሉ። ይቺኛዋ ሹሩባ ስትሠራ ዋለችና ስትነሳ ከቦርሳዋ አውጥታ ቴፔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ሽፋኑ ላይ አንዲት ጥቁር ሴት እጇን አጣምራ፣ «ምን ፈለጋችሁ?» በሚል ዓይን ታያለች። ገና ሳልሰማት ወደድኳት።

ከሰማኋት በኋላማ አበድኩ። እንግሊዝኛዬ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ ቃሏ አይገባኝም፤ ትንፋሿ ግን ይገባኛል። የምትበልጠው በካሴቱ ሁለተኛው ፊት ላይ ነው። ሦስተኛው ዘፈን መሃል ላይ ከበሮው በድንገት ቀጥ ይልና ብቻዋን ትቀራለች። አትደነግጥም፣ አትቸኩልም። አንድ መስመር ትልና ትንሽ ዝም፣ ሌላ መስመር ትልና ትንሽ ዝም። ከበሮው ሲመለስ ቆማ አትጠብቀውም፤ እሱ ነው ሮጦ የሚደርስባት።

ጎረቤቴ ሙዚቃ ቤት ነበረው። እባክህ ቅዳልኝ፣ ሱቅህም ውስጥ ትኑር ብዬ ወሰድኩለት። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልሰማም።

«ይሄ ጭቅጭቅ እንጂ ራፕ አይደለም፤ ሴት ልጅ ራፕ አታደርግም» አለኝ።

«ያንተዎቹስ ምን እያደረጉ ነው? እየጸለዩ?»

ካሴቴን ነጥቄው ወጣሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቴፔን አፉን ወደሱ ግድግዳ አዙሬ አስቀመጥኩት። ሳይወድ በግዱ ሰማት።

አክስቴ ዳባት ነበር የሚኖሩት። አልቃሽ ናቸው። በደጉ ጊዜ እሳቸው ሙሾ ያላወረዱበት ለቅሶ ለቅሶ አይባልም ነበር። ኋላ ላይ «ይሄ ኋላ ቀርነት ነው» የሚል በዛና የሚጠራቸው ጠፋ። እንዲያውም አንዳንድ ለቅሶ ላይ ገና አፋቸውን ሲከፍቱ «እማማ፣ ይተዉት» እያሉ ያስቀምጧቸው ጀመር። አንድ ቀን ደባርቅ ገበያ መጥተው ሊያርፉ እኔ ዘንድ ጎራ አሉ። ሁለተኛው ፊት እየዞረ ነበር። ከበሮው ቀጥ ያለባት ቦታ ሲደርስ አክስቴ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉና ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቀዘቁ።

«ማን ሞቶባት ነው?»

«ኧረ እትዬ፣ ዘፈን ነው።»

«ዘፈን እንዲህ ይተነፍሳል? ለቅሶ ላይ ናት እንጂ። ስሚያት እስቲ፤ ሰዉ ደረቱን እስኪመታላት ቆም ትላለች።»

ደንበኛዬን የሚጠብቅ አንድ አስጎብኚ ነበር፤ ሳቀ። «እማማ፣ እያለቀሰች አይደለም፤ እየፎከረች ነው። ከኔ የሚበልጥ ካለ ይምጣ ነው የምትለው።»

«አልቃሽስ ምን የምትል መሰለህ ልጄ? ለሞተው ትፎክርለታለች እንጂ አፈር ገባ ብላ ዝም ትላለች?»

አስጎብኚው አሁንም ይስቃል። አክስቴ ግን ካሴቱ እስኪያልቅ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ተቀመጡ። ከኔ ሌላ እሷን ከልቡ ያዳመጠ ሰው ያየሁት ያን ቀን ነው። ደስታዬን እስካሁን አልረሳውም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አክስቴ ታመሙ መባሉን ስሰማ ቴፔን አቅፌ በሚኒባስ ዳባት ወረድኩ። ሙሿቸውን ልቀርጽ ነው። ያ ሁሉ ግጥም የትም አልተጻፈ፤ አብሯቸው አፈር ሊገባ ነው። በችኮላ ግን ባዶ ካሴት ሳልይዝ ወጥቻለሁ፤ ቀኑ በዓል ነው፣ ሱቁ ሁሉ ዝግ። ቴፑ ውስጥ ያለችው እሷ ብቻ ናት። አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ በካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በወረቀት መድፈን ጀመርኩ፤ እነሱ ካልተደፈኑ በላዩ አይቀዳም።  ቆርጬ ነበር።

«ምኑን ነው የምትወትፊው?» አሉኝ።

ነገርኳቸው።

«ያቺ አልቃሽ ናት? እኔ ስናገር እሷ የት ልትገባ ነው?»

«ትጠፋለች፣ እትዬ።»

«በይ አውጪው ወረቀቱን። ሌላዋን ዝም አሰኝቼ አልናገርም። ዝም በይ መባልን እኔ አውቀዋለሁ።»

ለመንኳቸው። ቀጥሎ ተቆጣኋቸው፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ። «የባዕድ አገር ሰው ናት! ይኑሩ ይሙቱ አታውቅም!» አልኩ።

«ነጠላዬን አዘቅዝቄላታለሁ» አሉ። «ዘመዴ ናት።»

በማግስቱ ባዶ ካሴት ይዤ ስመለስ ድምፃቸው ተዘግቶ ነበር። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ቃል የለውም። በሦስተኛው ቀን አረፉ።

ለቅሷቸው ላይ አንድ እንኳ ሙሾ የሚያወርድ ጠፋ። የአገሩን ሬሳ ሁሉ አልቅሰው የሸኙ ሴትዮ እንደ ዕቃ በዝምታ ሊሸኙ! አልቻልኩም። ቴፑን ድንኳኑ መሃል አስቀመጥኩና ሁለተኛውን ፊት፣ ሦስተኛውን ዘፈን ከፈትኩት።

«ዘፈን በለቅሶ!» ብሎ አንድ የሥጋ ዘመዳችን ሊዘጋው ተነሳ። ቴፑን አቅፌ ቁጭ አልኩ።

«ዘፈን አይደለም። እሳቸው ነጠላ ያዘቀዘቁላት ዘመዳቸው ናት፤ ልታለቅስላቸው መጥታ ነው።»

አብዳለች አሉ። ይበሉ። ከበሮው ቀጥ አለና ብቻዋን ቀረች። አንድ መስመር አለች፤ ቆም አለች። ያኔ ከጥግ አንዲት አሮጊት፣ የአክስቴ የልጅነት ጓደኛ፣ በዝምታዋ መሃል ደረታቸውን መቱላት። ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ።