ለሃው ቅድመ አያት የወረደ ሙሾ

ሊያን ጭንቅላቷን የአውቶቡሱ መስኮት ላይ አስደግፋ ታንጎራጉራለች።

ሮማኑ ቀላልሽ፣ ነይ ከወንዙ ማዶ፣

ከዚያ ወዲያ ያለው ጠፍቷታል። ሁለተኛው ስንኝ «ባዶ» ብሎ እንደሚያልቅ ብቻ ታስታውሳለች። አባቷ ቺያው ማንሳንግ አካፋ ሲጨብጥ የሚያዜማት ነበረች፤ እሱ ከሞተ ወዲህ ጎደሎዋን የሚሞላላት ሰው አልተገኘም።

«እማ፣ ዛሬ ደግሞ ማን ሞተ?» አለቻት ምራቷ ሹዪንግ። ከሊያን ቦርሳ አፍ የኀዘን ነጭ ጨርቅ ብቅ ብሏል።

«ማንም። ሙዚየም ነው የምንሄደው።»

«ሙዚየም በነጭ? እኔ ደግሞ ቀይ ሹራቤን ለብሼ ወጣሁ።»

«አንቺ አልቃሽ አይደለሽም። ያሻሽን ልበሽ።»

ሊያን ሙሾ አውራጅ ናት። በዌይ ወንዝ ዳር ባሉ መንደሮች ሰው ሲሞት እሷ ትጠራለች። ዓይኑ ደርቆ የመጣ ልጅ እንኳ እሷ ስታወርድለት ግንባሩን መሬት አስነክቶ ይንሰቀሰቃል። የስንቱ አባት በእሷ ጉሮሮ ተለቅሶለት ተሸኘ። ያልተለቀሰለት የራሷ አባት ብቻ ነው።

ገና ጥርሷ የሚነቀል ልጅ ሳለች ማንሳንግ ለስኳር ድንች ማከማቻ ጉድጓድ ሲቆፍር አካፋው ከሸክላ ጋር ተጋጨ። አረንጓዴ ቅብ ያለው ትንሽ ምድጃ፣ ትንሽ ጎተራ፣ ጆሮውን ያቆመ ውሻ ወጣ። የሙታን ዕቃ ነበር። በዚያ አገር የሙት ዕቃ የሕያው ደጃፍ አይሻገርም፤ ስለዚህ ከሮማኑ ዛፍ ሥር አኖረውና፣ አጭሶ ወደ ቦታው ሊመልሰው ዕጣን ፍለጋ ሄደ። ሲመለስ ዛፉ ሥር ምንም የለም። ጎረቤቱ ሃው ባውሻን ግን ሹሞቹን አስከትሎ ከጉድጓዱ አፍ ቆሟል። «ይኸው፣ መቃብር ሲቆፍር ያዝኩት» አለ። ማንሳንግን አንገቱ ላይ «የመቃብር ሌባ» የሚል ሳንቃ አንጠልጥለው በገበያ አዞሩት። ከእስር ደረቱን ታሞ ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ አለፈ። ለመቃብር ሌባ ደግሞ ማንም አያለቅስም። እናቷ የሊያንን አፍ በመዳፏ ከድና አስቀበረችው። ያ እንባ ውስጧ ተቀምጦ መረረ፣ ኮመጠጠ፣ በመጨረሻም ስለት አወጣ።

የሙዚየሙ አዳራሽ የባውሻንን ስጦታ ሊያይ በመጣ ሰው ተሞልቷል። ባውሻን የጡብ ፋብሪካ ባለቤት ሆኗል፤ ደረቱ ላይ ቀይ የክብር አበባ ተሰክቶለታል። ከመስታወቱ ጀርባ ምድጃው፣ ጎተራውና ውሻው ቆመዋል። ሊያን ውሻውን አየችው፤ ጆሮው እንደዚያው እንደቆመ ነው።

«እነዚህ» አለች አስጎብኚዋ፣ «ሟች በወዲያኛው ዓለም እንዳይራብ አብረውት የሚቀበሩ ናቸው። ከመቃብር በቀር ሌላ ቤት አያውቁም።»

ባውሻን ጉሮሮውን ጠረገ። «ከቅድመ አያቶቼ የወረስኩት የሃው ቤተሰብ ቅርስ ነው። ዛሬ ለሕዝብ አበረከትኩ።»

ተጨበጨበ። ሊያን ይህችን ቃል ነበር የምትጠብቀው። ነጩን ጨርቅ ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ከመስታወቱ ፊት ተንበረከከች።

ምድጃዎ ቀዝቅዞ፣ መስታወት ውስጥ ቆሞ፣
ማን ያበስልልዎ፣ የራትዎን ደሞ?

ጠባቂው ሮጦ መጣ። «እማማ፣ እዚህ አይለቀስም።»

«ፎቶ ክልክል ነው ይላል በሩ ላይ» አለች ሹዪንግ በቀይ ሹራቧ መንገዱን ዘግታ። «ልቅሶ ክልክል ነው የሚለውን አሳየኝ።»

«ሊያን፣ ምን መሆንሽ ነው?» አለ ባውሻን ዝቅ ብሎ።

«ለእርስዎ ሰው እያለቀስኩልዎ ነዋ፣ ጋሽ ባውሻን። ለአባት ሃው።»

ጎተራዎን ጭኖ፣ ውሻዎን ጎትቶ፣
ያወጣዎት ማን ነው፣ ጉድጓድዎን ከፍቶ?

የሃው ጎሣ ትልቅ የሆኑት ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ወለሉ ላይ መቱ። «ባውሻን! ለቅድመ አያትህ ሙሾ እየወረደ ቆመህ ታያለህ? ተንበርከክ እንጂ!»

የባውሻን ጉልበት እጥፍ ማለት ጀመረ፤ ከዚያ ተመልሶ ቀጥ አለ። ቢንበረከክ የገዛ አያቶቹን መቃብር ከፍቶ የዘረፈ ይሆናል። ቢቆም ደግሞ አያቶቹን የካደ። ከኋላ ሹክሹክታው ጀመረ። «የራሱን ሰው ነው እንዴ የቆፈረው?» የገዛ ልጁ እንኳ ከጎኑ ፈቀቅ አለ። የሊያን ድምፅ እየቀጠነ፣ እየተሳለ፣ ጣራውን እየፋቀ ወጣ። አታቋርጥም፤ እስኪመሽ ማውረድ ትችላለች፣ እሱም ያውቃል።

«የኛ አይደለም» አለ በመጨረሻ።

ዜማውን ገታች፤ ግን አልተነሳችም። «የማን ነው ታዲያ?»

«ከማንሳንግ ሮማን ሥር ያነሳሁት ነው።»

«ማንሳንግ ማን ነበር? ሌባ?»

«ሌባ አልነበረም። ሊመልሰው ነበር።»

«ጮክ ይበሉ ጋሼ። ሽማግሌው ጆሯቸው ይከብዳል።»

ደገመው። ሊያን አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ እንደ ጣፋጭ ዜማ አዳመጠችው። «እነዚያ በሩ ጋ ያሉት አልሰሙም» አለችና ሦስተኛ ጊዜ አስባለችው። አላዘነችለትም። ቀይ አበባው ደረቱ ላይ ሲንቀጠቀጥ አይታ ጠገበች። ሽማግሌው ጀርባቸውን ሰጡት፤ የሃው ሰዎችም ተከትለዋቸው ወጡ።

ያን ጊዜ ሊያን ግንባሯን ከወለሉ አስነካች። «አባ» አለች። ለሰው ሁሉ ስንኝ የምትቋጥር ሴት ለራሷ አንድም አልመጣላትም። «አባ፣ አባ» ብቻ አለች፤ ያ የተከደነ እንባ ሁሉ ወረደ። ሹዪንግ አብራት ተንበረከከች። አስጎብኚዋም ጥቂት ቆማ ቀሚሷን ሰብስባ ተንበረከከች። አልቅሳ ስትጨርስ ሁለቱ በክንዷ ይዘው አነሷት።

ከሙዚየሙ ማዶ ያለው ምግብ ቤት በእንፋሎት ተሞልቷል። ቀበቶ የሚያክል የፓስታ ሊጥ እየተጎተተ ከፈላ ውኃ ይገባል።

«ለእማ ትልቁን ሳህን፤ በርበሬና ዘይቱ በዛ ይበል» አለች ሹዪንግ፣ ሊያን ድምፅ ስላልነበራት።

«ሙዚየሙ እንዴት ነው ታዲያ?» ጠየቀ ባለቤቱ። «የሃው ዕቃ ዛሬ ታየ አይደል?»

ሊያን ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። «የማንሳንግ» አለች በሻከረ ሹክሹክታ፣ «የቺያው ማንሳንግ ዕቃ ነው።» ቃሉን ከአፏ አውጥታ ሰውየው እስኪደግመው ጠበቀች። ሲደግመው በርጩማ ስባ ተቀመጠች፤ የቀረበላት ሳህን ላይ ኮምጣጤ አፈሰሰችና መብላት ጀመረች።