የእኛ ቤት ውጋት

በእኛ ቤት ወንድ አያረጅም። አባቴ አውድማ ላይ ጤፍ ሲያበራዩ ደረታቸውን ይዘው ተቀመጡ፤ አልተነሱም። አጎቴም ከቁይ ገበያ ሲመለሱ መንገድ ዳር እንዲሁ ሆኑ። ሁለቱም ገና ጠጉራቸው አልሸበተም ነበር። ገሚሱ ሰው ውጋት ነው አለ፣ ገሚሱ ዓይን ነው አለ። ሴቶቻችን ግን እስኪጃጁ ይኖራሉ። እኔም ይኸው አለሁ፤ ምን እንደሚሠራልኝ እንጃ።

ታላቅ ወንድሜን ወንድም ጋሼ እለዋለሁ። አባታችን ሲሞቱ አሳድጎ የዳረኝ እሱ ነው። አንድ በጋ ዳገት ላይ ቆም ቆም ማለት ጀመረ። ምን ሆነህ ነው ስለው «ጫማዬ ጠበበኝ» ይለኛል። በባዶ እግሩ ነበር እኮ! ግራ እጁንም ያሻል፤ አባቴም እንዲያ ያደርጉ ነበር።

በዚያው ሰሞን ልጁ ለደብረ ኤልያስ ሰዎች ታጭታለች። በእኛ አገር ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ቁምጥና አለ ወይ፣ የሚጥል በሽታ አለ ወይ እየተባለ የሞተው ሁሉ ይመረመራል። አንድ ነገር ከተሰማ ልጅቷም እህቶቿም ቆመው ቀሩ ማለት ነው።

እንደ ምንም ጎትቼ ማርቆስ ሐኪም ቤት ወሰድሁት። ሐኪሙ ፈረንጅ ነው። የሚተረጉምለት ቁስል አሻጊ ድሬሰር ብቅ ሲል ወንድም ጋሼ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ለካ የልጅቷ እጮኛ አጎት ኖሯል። ሐኪሙ ደረቱን አዳመጠና «አባትህ በምን ሞቱ? የአባትህ ወንድሞችስ?» ብሎ አስጠየቀው።

«አባቴ ቆላ ወርደው ወባ ነው የገደላቸው» አለ። «አጎቴን ፈረስ ጥሏቸው ነው።»

«ኧረ ወንድም ጋሼ፣ ሁለቱም ደረታቸውን ይዘው አይደል እንዴ የሞቱት?» አልሁ።

«ይቺ ያኔ ሕፃን ነበረች፤ ምን ታውቃለች» ብሎ ለድሬሰሩ ሳቀለት። «ደግሞ እኔን የሚያመኝ ሆዴን ነው። የጾሙ ምግብ አልስማማ ብሎኝ ነው።»

ድሬሰሩም አብሮት ሳቀ፤ እኔ ያልሁትን አልተረጎመውም። ሐኪሙ የተነገረውን ይዞ የጨጓራ መድኃኒት ሰጠን።

መንገድ ላይ ጮህሁበት። «ለነፍስ አባትህስ እንዲህ ትዋሻለህ?» አልሁት። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ትንፋሹን ሲሰበስብ ቆየ።

«በዘራቸው ነው ከተባለ ልጄን ማን ያገባታል?» አለኝ። «አንድ እኔ ብሞት ይሻላል።»

«ምናልባት መድኃኒት ይኖረው ነበር።»

«አባባን ማን አዳናቸው?»

ሐኪሙ እውነቱን ቢያውቅስ ምን ያደርግለት ነበር እያልሁ ስንት ዘመን አሰብሁ፤ ዛሬም አላውቀውም። ያን ቀን ግን ተናድጄ እስከ ቤት ፊት ፊቱን ሄድሁ።

ለሠርጉ ዳስ ሲጥሉ፣ ወንድም ጋሼ ምሰሶ እንዳቀፈ ወደቀ። ሚስቱ ብልህ ናት፤ ገና ሬሳው ሳይነሳ ምሰሶው ደረቱን መታው ብላ አስወራች። አገር አመነ፣ አማቾቹም አምነው አለቀሱለት። ከተዝካሩ በኋላ ልጅቷ ያለ ከበሮ ተዳረች። የፈለገው ሆነለት እንግዲህ፤ ይሁን።

ወንድ ልጅ ወለደች። ክርስትና የተነሣ ዕለት ልጁን ከእቅፍ ወደ እቅፍ እየተቀባበሉ «ቁርጥ አያቱን ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ትከሻው ሳይቀር ወንድም ጋሼ ነው። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር የሄድሁት፤ ልጁ እኔ ዘንድ ሲደርስ ግን ደረቱን ዳብሼ ለልጅቷ አማት አሳለፍሁት።

ልጅቷ ዓይኗን ከልጇ ሳትነቅል «አክስቴ፣ አባቴን የገደላቸው ምሰሶው ነው አይደል?» አለችኝ።

አማቷ ልጁን ታቅፋ አጠገባችን ተቀምጣለች።

«ምሰሶው ነው ልጄ» አልኋት።